ለእህቴ ሠርግ የደለደልነው ግቢ

በመንገድ ሳልፍ ከሥር ተቆፍሮ የወጣ እርጥብ አፈር ከሸተተኝ፣ እግሬ ይቆምና ልቤ ወደ ጋይንት ገጠር ተመልሶ ተዳፋቱ ግቢያችን ውስጥ ይገባል። ግቢያችን ቁልቁለት ስለነበር ዱባ ካመለጠን እስከ ጅረቱ እየሳቅን እናባርረው ነበር።

ክረምቱ ሲያበቃ ሽማግሌ መጥቶ እህቴ የሺ ለጥር ስትታጭ ሁላችንም ደስ አለን፤ እናቴ ግን ዳሱ የት ይተከል እያለች ትጨነቅ ነበር። ግቢው ሜዳ የሆነው አጎቴ ደሴ፣ «እትዬ፣ ከእኔ ደጅ ደግሺላት፤ እዚህማ እድምተኛው ጠላውን እንደያዘ ወንዝ ይገባል» ብሎ ሲያሾፍ፣ «ልጄን ከሰው ደጅ አልድርም!» ብላ መለሰችለት።

ገብሱ ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ በታኅሣሥ፣ አባቴ የላዩን መሬት ቆርጠው የታቹን ሊሞሉ ተነሡ። በአንዱ ጫፍ የሚቆረጠውን ከፍታና ወርድ በክንድ ለክተው አባዙና፣ ያን በግቢው ርዝመት አባዝተው፣ «አፈሩ ሞልቶ ይተርፋል» አሉ። ደቦ ተጠርቶ እየተዘፈነ ተቆፈረ፤ የላዩ ሲያልቅ ግን የታቹ ገና ጎድጓዳ ነበር። ደሴ ከት ብሎ ሳቀ።

እኔ ያን ጊዜ ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ሰው ፊት መናገር ስለማፍር፣ በትምህርት ቤት የተማርነውን አማካይ አስታውሼ ለየሺ በጆሮዋ አንሾካሾክሁላት። እሷ ግን ጮኻ፣ «አባዬ፣ ይስሟትማ! የለኩት ደረት የሚደርሰውን ጫፍ ብቻ ነው፤ ወዲያኛው ቁርጭምጭሚት አያልፍም። የዚያንም ከፍታና ወርድ አባዝተው፣ ሁለቱን ደምረው ለሁለት ያካፍሉት ትላለች» ስትል ሮጬ ከበሩ ኋላ ተሸጎጥኩ። አባቴ ቀጭኑንም ጫፍ ለክተው ቢያሰሉት ግምቱ ወደ ግማሽ ወረደ። የጎደለውን ለማግኘት ወደ ውስጥ መቁረጥ ያስፈልግ ነበር፤ እዚያ ደግሞ የእናቴ ጌሾ ተተክሏል። ሁሉም ዞሮ እሷን አየ።

«ምን ታዩኛላችሁ? ጌሾ ተመልሶ ይበቅላል፤ ቁረጡት!»

መጀመሪያ ዶማ ያነሣው ደሴ ነበር።

ከዚያ ወዲያ የሠፈሩ ልጃገረዶች አመሻሹ ላይ የሠርግ ዘፈን ሊለማመዱ ሲመጡ፣ አባቴ አዲሱ አፈር ላይ አሰልፈውን፣ «ርገጡት፣ ይጠቅጠቅ!» ይሉን ነበር፤ ስንጨፍር መሬቱ ዝቅ ይልና፣ እሳቸው አፈር በቅርጫት ይዘው ከኋላችን እየሮጡ ይደፉ ነበር፤ እኔም ሐፍረቴን ረስቼ እዘል ነበር። በጥር የሺ ከእናቷ ደጅ ተዳረች።

ዛሬ ንፋስ መውጫ ከምኖርበት ኪራይ ቤት ማዶ፣ ደቦው ሲለፋበት የሰነበተውን ያህል አፈር ኤክስካቫተር በአንድ ጠዋት ቆርጦ ይደለድላል፤ ሥራው መቅለሉ ደስ ይለኛል። የተሞላውን አፈር ሮለር ብቻውን እየተመላለሰ ይጠቀጥቀዋል፤ የማን ልጅ እንደምትዳርበት የሚጠይቅ ግን የለም።