የአባዬ ቮልስና እኔ

ጋራዥ ቆሜ የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝና የድሮ ቅናቴ ተነሳብኝ።

በደርግ ጊዜ፣ ጅማ ሳለን፣ አባዬ ክረምት ሊገባ ሲል የቮልሱን ዘይት ይቀይር ነበር። ሞተሯን እየወለወለ "አይዞሽ፣ የኔ እመቤት" ይላታል። እኔን እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። አንድ ቀን በንዴት የዘይት መለኪያ ዘንጓን ጓሮ ካለው ቡና ሥር ደበቅኩት።

አባዬ ፍለጋ ሲንከራተት ጎረቤታችን አባ ራያ፣ "ከዚች ጋር ምን አለፋህ? ሽጣት እንጂ!" አሉት።

"ኧረ አባ ራያ! በዚህ ጭቃ የልጅቷ አስም ሲነሳ በምን ሐኪም ቤት ላድርሳት?"

ደንግጬ ሮጥኩ፤ ዘንጉን አውጥቼ በቀሚሴ ጠርጌ ሰጠሁት። አባዬ ፊቱ በራ።

"ተገኘልሽ፣ የኔ እመቤት!" አላት፣ ለመኪናዋ።

ለእኔ ሲል እንደሚንከባከባት ያኔውኑ ገብቶኛል። ዛሬ መካኒኩ የመኪናዬን ዘንግ ስቦ ሲያሳየኝ ግን ያ ቅናት አሁንም አንገበገበኝ።