አያ ላቀው ለእኅቴ ያወጣው ዜማ

ልጅ እያለሁ በወረታ ዙሪያ አያ ላቀው ያልተገኘበት ሰርግ እንደ ሰርግ አይቆጠርም ነበር። አያ ላቀው የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ ከእኛ ጋር ይኖር ነበር። መሰንቆ መምታት የተማረው ከአባቱ ነው፤ ዜማውን ግን ከማንም አይወስድም፣ ራሱ ነበር የሚያወጣው። ትምህርት ቤት አንዳንድ ልጆች "የአዝማሪ ዘር" እያሉ ያበሽቁኝ ነበር። የእነዚያው ልጆች አባቶች ሲድሩ ግን በቅሎ አስጭነው የሚመጡት ወደ ቤታችን ነው።

ታላቅ እኅቴ ለአንድ የቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ልጅ በታጨች ጊዜ አያ ላቀው "ለሷስ ጆሮ ያልሰማውን ነው የማወጣላት" አለ። ያን ክረምት ሜዳው ሁሉ ውኃ ስለተኛበት የሚጠራውም አልነበረም። ደጃፍ ተቀምጦ የመሰንቆውን ደጋን ሙጫ ሲያሻሸው ሽታው ከረጠበ ገለባ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ዜማው ዝቅ ብሎ ይጀምራል፣ እንደሚያባብል ሰው እየተለማመጠ ከፍ ይላል፣ ከዚያ ድንገት ያቆመዋል።

"ቀሪውስ?" እለዋለሁ።

"ገና አልመጣም። ላም ወተቱ ካልወረደላት ጎትተሽ አታልቢያትም።"

የሩዝ አጨዳ ሲደርስ አንድ ቀን ጠዋት ከመደቡ ሊነሣ ሲል ወደቀ። ግራ ጎኑ በድን ሆነ። ጤና ጣቢያ ወሰድነው፤ ኋላም ጣራ ገዳም ጸበል አስገባነው። ተጣሞ የነበረው አፉ ቀና፣ እየተጎተተም ቢሆን መናገር ጀመረ። ግራ እጁ ግን አልተመለሰም። የመሰንቆዋ ጅማት ላይ ዜማውን የሚፈልጉት ደግሞ የግራ እጅ ጣቶች ናቸው።

ሰርጉ ሲቃረብ እናቴን ጠርቶ "መጣልኝ እኮ፣ ቀሪው መጣልኝ" አላት። እናቴ ፊቷን አዙራ አለቀሰች። ሊያንጎራጉረው ቢሞክር ድምፁ እንደ ምላሱ ይጎተትና ይሰባበርበታል። ስለዚህ እኔን ከጎኑ አስቀመጠኝ፤ እሱ በቀኝ እጁ ደጋኑን ይስባል፣ እኔ በእሱ ጣቶች ፋንታ ጅማቷን እጫናለሁ።

"ከፍ... አይደለም፣ የኔ ዓለም... ትንሽ ዝቅ..."

ጣቴ እስኪላጥ ሞከርን። የመጀመሪያውን ክፍል እንደ ምንም ያዝኩት፤ አዲሱ ጋ ስንደርስ ግን እሱ የሚሰማውን እኔ አልሰማው፣ ምን ላድርግ!

በሰርጉ ዕለት ዳሱ ውስጥ ሌላ አዝማሪ ይጫወት ነበር። ከሙሽራው ወገን፣ በአያ ላቀው የደረሰውን ያላወቀ አንድ ሽማግሌ "ላቀው እያለ ሌላ ምን ይሠራል!" ብሎ ጮኸ። አያ ላቀው በዓይኑ ጠራኝ። የመጀመሪያውን ስንጫወት ሴቶቹ እልል አሉ። ከዚያ ጣቴ ሳተ። ጅማቷ ጮኸች፤ ደግሜ ብጫን ባሰባት፤ ከዳር ልጆች ሳቁ።

"ይበቃል፣ ወንድም ዓለም" አለች እናቴ።

ደጋኑን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። "እዚህ አለ" አለ ግንባሩን እየነካ፤ "ሙሉው አለ። መውጫ አጣ እንጂ።" እኅቴ ከነቬሏ ተንሰቀሰቀች። ያኛው አዝማሪ፣ ደግ ሰው ነው፣ ቶሎ ብሎ ጭፈራ ጀመረና ሸፈነልን።

አያ ላቀው ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየ። ያን ጊዜ ጎረቤታችን ቴፕ ነበረው። ክረምቱን ሙሉ የደጃፉ መሰንቆ ሲሰማ ባዶ ካሴት አምጥተን እንቅዳው ያለ አንድ ሰው አልነበረም። ዜማ አላቂ መሆኑን ማን አሰበ?

ዛሬ ልጆቼ ድመት ስታዛጋ ሳይቀር በስልክ ይቀርጻሉ። በቀደም ልጄ "የአያ ላቀውን በይና ልቅዳልሽ" አለችኝ። አንጎራጎርኩላት። መልሳ ስታሰማኝ ልክ አልመሰለኝምና ደገምኩት፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ሌላ ሆነ፣ ሦስተኛውም ከሁለቱ። "እማ፣ የቱ ነው የእሱ?" ብላ ጠየቀችኝ።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ሁሉንም ደጋግሜ ሰማሁ። የቱ እንደሆነ እኔም አላወቅሁም።