ሁለቱን ስፒከር እኩል ያሰርኩ ዕለት

ግቢዬ ውስጥ ተከራይቶ የሚኖረው ወጣት ትንሽ ቀይ መኪና አለችው። ከሥራ ሲመለስ መምጣቱን የማውቀው በጆሮዬ ሳይሆን በደረቴ ነው። ገና ከጥጉ ሳይታጠፍ ብርጭቆዎቼ ቁምሳጥኑ ውስጥ ይንጫጫሉ፣ የመስኮቱ መስታወት ይርበተበታል፣ ከዚያ አንድ ወፍራም ድምፅ ከጎድን አጥንቴ ሥር ገብቶ ይቀመጣል። ጎረቤቶቼ ይራገሙታል። እኔ ግን ባለፈው ሳምንት ወጣሁና "እስቲ ኋላውን ክፈተው" አልኩት። ሁለት ትልልቅ ስፒከሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ በመካከላቸው ድምፁን የሚያጎላው አምፕ አለ፤ ከአምፑ አንድ ወፍራም ቀይ ሽቦ ምንጣፉ ሥር ገብቶ ወደ ፊት ይሄዳል።

"ፊውዙ የት አለ?" አልኩት።

"እማማ ደግሞ!" ብሎ ሳቀብኝ። "ይሄ እኮ የእናንተ ዘመን ሬዲዮ አይደለም።"

የሞተሩን ክዳን አስከፈትኩት። ከባትሪው አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ ፊውዙ ቦታው ላይ ነበር። የሠራለት ሰው እጁ ይባረክ። ልጁ "ይሄን ደግሞ የት ተማሩት?" ብሎ ከኋላዬ ሲጮኽ ቤቴ ገባሁ። ለእሱ ያልነገርኩትን ላንቺ ልንገርሽ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ቤት ተቀምጫለሁ። አባቴ ሰበታ ላይ፣ ከዋናው መንገድ ዳር፣ አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ነበረችው፤ ሬዲዮ ይጠግናል፣ የመኪና ባትሪ ይሞላል። በዚያ ሰሞን በድሬዳዋ በኩል የመኪና አምፕሊፋየር መግባት ጀምሮ ነበር። ቤዙ የሚመታ ሚኒባስ ካለ ወጣቱ ሌላ አይሳፈርም። እናም ባለ ሚኒባሶች ሁሉ እኛ ሱቅ ይሰለፉ ጀመር። አባቴ ዓይኑ ደክሞ ስለነበር ከተፍኪ አንድ ሠራተኛ ቀጠረ።

ሠራተኛው ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። ጣቶቹ ሁልጊዜ የቀለጠ ቆርቆሮ ይሸታሉ። ለባላገሩ በኦሮምኛ፣ ለአባቴ በአማርኛ፣ በአንድ ትንፋሽ ይመልስ ነበር። አንድ ቀን የሾፌሩ ፊት ለፊት ያለው ቀዳዳ ለእጁ ጠቦት ሲቸገር አየኝና "እስቲ እጅሽን አበድሪኝ" አለኝ። እጄን አበደርኩት፤ ከዚያ ወዲያ አልመለሰልኝም ማለት ይቻላል። ሽቦ መላጥ፣ በካውያ ቆርቆሮ አቅልጦ ማጣበቅ፣ ቀዩን ከጥቁሩ መለየት ሁሉ ከእሱ ነው የተማርኩት። አባቴ ከመኪና ወንበር ሥር እግሬ ብቻ ወጥቶ ሲያየኝ ጉሮሮውን ይጠርግና ፊቱን ያዞራል። ማየቱን ግን አይቷል። ይሄን ያዢልኝ።

ሠራተኛው "ዳኛዬ" እያለ ነበር የሚጠራኝ። በሆነ ባልሆነው ስለምከራከር ነው። ሁለት ስፒከር ከአንድ አምፕ ጋር ማሰር ያስተማረኝ ዕለት እንኳ ተከራክረናል።

"አከታትለሽ እሰሪያቸው" አለኝ። "ከአምፑ የወጣው ወደ አንደኛው ይግባ፣ ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ተመልሶ ወደ አምፑ።"

"እና ሁለተኛው የአንደኛውን ትራፊ ነው የሚበላው?"

ካውያውን አስቀምጦ ሳቀ። "ዳኛዬ፣ ኤሌክትሪክ ትራፊ የለውም። እኩል ነው የሚደርሳቸው። ለየብቻ ካሰርሽላቸው ግን ሁለቱም ባንድ ጊዜ ይጎትቱታል። ይሄ አምፕ ደግሞ ያን አይችልም፤ ይግላል።"

አላመንኩትም። እኛ ቤት ቀድመው የሚበሉት ወንድሞቼ ነበሩ፤ እናቴና እኔ እነሱ ያስተረፉትን ነበር የምንበላው። ስለ ትራፊ እኔን የሚያስተምር ሰው አልነበረም።

ሌላም ሕግ ነበረው። ፊውዝ ሲቃጠል የሰፈሩ ኤሌክትሪክ ሠሪ ሁሉ ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ የሚያብለጨልጨውን የብር ወረቀት አውጥቶ ይጠቀልልበትና ያልፋል። እሱ ይሄን አድርጎ አያውቅም። "ፊውዝ የተቃጠለው ሊነግርሽ ፈልጎ ነው፤ አፉን አትዝጊው" ይል ነበር።

አንድ ዓርብ አባቴ አዋሽ መልካ ያለ የወፍጮ ሞተር እንዲያይ ሠራተኛውን ላከው። ሱቁ ደጃፍ አንድ ሚኒባስ ቆሟል። ባለቤቱ በነጋታው ወንድሙን ይድራል፤ ሚዜዎቹን ጭኖ ሙሽራዋን ከቡራዩ የሚያመጣው በዚያ መኪና ነው። ሠራተኛው ሽቦውን ዘርግቶ፣ ስፒከሮቹን በሳጥናቸው ውስጥ አስሮ ነበር። የቀረው ማገናኘት ብቻ ነው። "ማታ መጥቼ እጨርሳለሁ፤ አትንኪው" ብሎኝ ሄደ።

ነካሁት። አባቴ ቤት ገብቶ ጋደም ብሏል፤ ፀሐይዋ የቆርቆሮውን ጣሪያ እያንጣጣችው ነው፤ የመኪናው ውስጥ አዲስ ሙጫና ትኩስ ላስቲክ ይሸታል። ለብቻዬ ሠርቼ ላሳየው ፈለግሁ። ሁለቱን ስፒከሮች እንደነገረኝ አላከታተልኳቸውም፤ ለእያንዳንዳቸው ከአምፑ የየራሳቸውን ሽቦ ሰጠኋቸው። ፍትሕ የሰጠሁ መስሎኝ ነበር።

ቴፑን ከፍ ሳደርገው ፊውዙ ተቃጠለ። ሌላ ቀየርኩ፤ እሱም ተቃጠለ። ሦስተኛ ፊውዝ አልነበረም። መሬት ላይ የወደቀ የሲጋራ ፓኮ አነሳሁና የብር ወረቀቱን ጠቀለልኩበት። ከዚያማ ምን ልበልሽ! ድምፁ ወጣ። ወንበሩ ከሥሬ ተንቀጠቀጠ፣ በደስታ እንባዬ መጣ።

ባለ ሚኒባሱ በድምፁ ተስቦ መጣ። ትከሻውን ነቀነቀና "የዚያ ልጅ እጁ ይባረክ!" አለ።

"እኔ ነኝ ያሰርኩት" አልኩት።

"አንቺማ የዶሮ እግር እሰሪ!" ብሎ እየሳቀ ይዞት ሄደ።

ሠራተኛው ሲመለስ መኪናው የለም። እንደጨረስኩት በኩራት ነገርኩት። ፊቱ ጠቆረ። "እንዴት አሰርሻቸው?" ሲለኝ፣ ነገርኩት። "ፊውዙስ?" ሲለኝ፣ ሁለቱን የተቃጠሉ ፊውዞች ከኪሴ አውጥቼ መዳፉ ላይ አኖርኩለት። እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ያን ማታ የባለ ሚኒባሱን ቤት ፍለጋ ሄደ፤ ሰውዬው ለሠርጉ እንግዳ ሊያመጣ ወጥቷል አሉት። በነጋታው ማለዳ ደግሞ ሄደ። አጃቢው ቀድሞት ወጥቶ ነበር።

ዓለም ገና ከተማ ሳይደርሱ ከወንበር ሥር ጭስ ወጣ። ተመስገን፣ ሰው አልተጎዳም። ሚዜዎቹ ሱፋቸውን እንደለበሱ ከአስፋልቱ ዳር ተሰልፈው ቆመው ሚኒባሱ እስከ አጥንቱ ሲነድ አዩት። ሰውዬው የሚተዳደርበት ሌላ ነገር አልነበረውም። በሠርግ ቀን መኪና መቃጠሉን ደግሞ አክስቶቹ ክፉ ምልክት ነው ብለው አለቀሱ።

ሠራተኛው የነገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። "ለማንም እንዳትናገሪ።"

"እናገራለሁ" አልኩት።

"ዳኛዬ፣ ተይ።"

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ባለ ሚኒባሱ ተናገረ። አባቴ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ሠራተኛው ተጠየቀ፤ "የእኔ ሥራ ነው" አለ። እኔ ከሴቶቹ መካከል ወጥቼ መሀል ገባሁ።

"ውሸት ነው! እኔ ነኝ ያሰርኩት። እሱ አዋሽ መልካ ነበር። አባባ ናቸው የላኩት፣ ያውቃሉ!"

ሁሉም ወደ አባቴ ዞረ። አባቴ መሬቱን እያየ "ከመሄዱ በፊት ጨርሶት ነበር" አለ። ይህቺን ብቻ ነው የተናገረው። የሱቁን ስም፣ የእኔን ስም፣ ምናልባትም የነገ ትዳሬን እየጠበቀ ነበር። ዛሬ አፈር ሆኗል፤ ነፍሱን ይማረው። ግን እስከ ዛሬ ያቺን ቃል አልዋጥኩለትም።

"ሽቦ አምጡ!" አልኩ። "ስፒከር አምጡ፣ አምፕ አምጡ፣ እዚሁ ፊታችሁ አስሬ ላሳያችሁ!"

ከሽማግሌዎቹ አንጋፋው በርኅራኄ አየኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። "ልጄ" አለኝ፣ "ልብሽ ገር ነው። ሰው የሚወደውን እንዲህ ነው የሚሸፍነው።"

ከሴቶቹ መካከል ሳቅ ተሰማ። አባቴ ቀና ብሎ መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ ሠራተኛውን አየ። ምን እንዳደረግሁ የገባኝ ያኔ ነው። መኪና አቃጠለ የተባለው ሰው፣ በእኔ አፍ፣ የጌታውን ልጅ አባለገ ተባለ። ማልኩ፣ ጮኽኩ። በጮኽኩ ቁጥር ይበልጥ አመኑት። እናቴ በነጠላዋ አፌን ይዛ ወሰደችኝ።

ሽማግሌዎቹ የፈረዱት፣ የሥራ ሣጥኑን ከነካውያው ለባለ ሚኒባሱ ሰጥቶ ሰበታን እንዲለቅ ነው። ሲሄድ በመስኮት አየሁት። ባዶ እጁን ነበር። የሚይዘው ነገር ስለጠፋው እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው አያውቅም፤ አንዴ ኪሱ ይከታቸዋል፣ አንዴ ያወጣቸዋል። አሁንም ይሄን ሳወራሽ የሚታዩኝ እነዚያ እጆቹ ናቸው።

ክረምቱን ሁሉ እንቅልፍ አልነበረኝም። ለአጨዳ ሰሞን፣ ገበያ እሄዳለሁ ብዬ ወጥቼ ወደ ተፍኪ ተሳፈርኩ። ቢያንስ እናቱ እውነቱን ማወቅ አለባት ብዬ ቆርጫለሁ። የምናገረውን በኦሮምኛ መንገዱን ሙሉ አጠናሁት። "ልጅዎ አይደለም ያቃጠለው፤ እኔ ነኝ።" ከዚህ አትበልጥም።

ቤቱን ጠይቄ አገኘሁት። እናቱ ደጃፍ ተቀምጠው ሽምብራ ይለቅሙ ነበር። የባለ ሱቁ ልጅ መሆኔን ስነግራቸው ተንደርድረው ተነሡ፣ ሁለት ጉንጬን ሳሙኝ፣ እምቢ ብል በግድ አስቀምጠው ወተት አመጡልኝ።

"እሱ የለም" አሉኝ። "ጫንጮ ሄዶ ድርቆሽ ይጭናል።"

እነዚያ ጣቶች ድርቆሽ ይጭናሉ። አፌን ከፈትኩ።

"አውቃለሁ፣ ኢንተላ ኮ" አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አኖሩ። "የመጣ ቀን እዚሁ ተቀምጦ ነግሮኛል። 'እማዬ፣ የሰው መኪና አቃጠልኩ' አለኝ። ሊደብቀኝ ይችል ነበር፤ ማን ይነግረኝ ነበር? አልደበቀኝም። መሬት የለኝ፣ ከብቴም ያቺ አንዲት ላም ናት። ግን ልጄ አንድ ቀን ዋሽቶኝ አያውቅም። በዚህ ነው የምመካው።"

ያጠናኋት ቃል ምላሴ ላይ ነበረች። እሷን ብናገር ልጃቸው ዋሽቷቸዋል ማለት ነው። ሽማግሌ ፊት ጮኼ የማላውቅ ሴት አልነበርኩም፤ ከዚያም ወዲህ ቀበሌ፣ ፍርድ ቤት፣ የትም ዝም ብዬ አላውቅም። ያን ቀን ግን ወተቱን አንስቼ ጠጣሁ። እስከ ታች ጠጣሁት።

ስነሣ እስከ መንገዱ ሸኙኝ። መኪናው ሲመጣ እጄን ያዙና "ለአባትሽ ንገሪልኝ" አሉ። "አላዋቂ ነው፣ ይቅር ይበሉት በይልኝ።"

"እሺ" አልኳቸው።