መስቀል ያረፈበት የጌም ሳጥን

ድፍን ጎንደር ውስጥ አናጺ የጠፋ ይመስል፣ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ የሚሠራ አናጺ ዘንድ የሄድኩት እኔው ነኝ። ሳስበው እስካሁን ያበግነኛል።

የፈለግኩት ትልቅ ነገር አይደለም። በልጅነታችን ፒያሳ አካባቢ ጌም ቤት ነበር፤ እዚያ ሳንቲም እየዋጠ የሚያጫውተንን፣ ቁም ሳጥን የሚያህለውን ማሽን በገዛ እጄ መሥራት አማረኝ። ኮምፒውተሩን ከጥገና ቤት አገኘሁ፤ ማንሻዎቹንና ቁልፎቹን ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። የቀረው እንጨቱ ነው። እንፍራንዝ የምታስተምረው ታላቅ እህቴ ለጥምቀት ትመጣለች። የድብድብ ጌም ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ የሰፈሩን ወንድ ሁሉ ድባቅ ትመታ ነበር። አንድ ቀን አባታችን፣ የደብር መሪጌታ ነው፣ በሰው ፊት ነጠላዋን ጎትቶ ከጌም ቤቱ አወጣት። ከዚያ ወዲህ የጌም ነገር ሲነሣ ጭጭ ትላለች። አንዴ እንኳ ደግማ ስትጫወት ማየት ፈለግኩ፤ በቃ።

አናጺው ግን በሚካኤል አይሠራም፣ በገብርኤል አይሠራም፣ በማርያም መጋዝ አያነሣም። በዓል በሌለበት ቀን ስሄድ ደግሞ ለቅሶ ላይ ነው።

"አያ፣ ጥምቀት እኮ ደረሰ!" ስለው፣

"ይደርሳል ልጄ፣ ምነው ታጣድፈኛለህ?" ይለኛል።

ስክሪኑ የሚያርፍበትን ላስረዳው ብዬ "ፊቱ እንደ አትሮኖስ ዘንበል ይበል" አልኩት፤ ካህናት መጽሐፍ ዘርግተው የሚያነቡበትን ማለቴ ነው። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

ሳጥኑን ላመጣ ስሄድ፣ የጨዋታውን ስም ልለጥፍበት ያሰብኩት የላይኛው ሰሌዳ ላይ ባለ ሐረግ መስቀል ተቀርጾበታል።

"ሸጋ አልሆነም?" አለኝ ደስ ብሎት። "አትሮኖስ አላልከኝም?"

"ፊቱን ነው እንጂ ያልኩት! በሉ ላጉልኝ።"

"መስቀል ልላግ? እኔ አላደርገውም።"

ተናድጄ መላጊያውን ራሴ አነሣሁ። እጄ እምቢ አለኝ። የመሪጌታ ልጅ መሆን እንዲህ ነው የሚያደርገው። እየተነጫነጭኩ ሳጥኑን በጭነት ባጃጅ አስጭኜ ወደ ቤት ወሰድኩት።

በጥምቀት ማግስት እህቴ ማሽኑ ፊት ቆመች። ቁልፎቹን በጣቷ እየነካካች ፈገግ ማለት ጀምራ ነበር። ይኼኔ አባቴ ገባ። መስቀሉን ሲያይ ጊዜ ሳይጠይቅ ጠጋ ብሎ ተሳለመው። ቀና ሲል ከመስቀሉ ሥር፣ ስክሪኑ ላይ፣ ሁለት ግማሽ ራቁት ሰዎች እየተራገጡ ነው።

እህቴ እጇን ሰብስባ ወደ ኋላ አለች። ያቺ ነጠላዋን የተጎተተችው ልጅ ተመልሳ መጣችብኝ። ያን ሁሉ ልፋት ለዚህ ነው የለፋሁት ብዬ አልቅስ አልቅስ አለኝ።

አባቴ ስክሪኑን አየ፣ እሷን አየ። ከዚያ ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ መስቀሉን ሸፈነው።

"በሉ፣ አሁን ተጫወቱ" ብሎ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ተጋጠምን። ገና ከመጀመራችን መብራት ሄደ። በቃ፣ ማጣት ነው የኔ ዕድል! አናጺውንም መብራቱንም እየረገምኩ ማንሻዬን ለቀቅኩ። እህቴ አልለቀቀችም። የጠፋው ስክሪን ላይ አፍጥጣ፣ እየሳቀች፣ ቁልፎቹን ትቀጠቅጣለች።

"ማን አሸነፈ?" አለ አባቴ።

"እኔ ነኛ!" አለች፣ ዞር ሳትል።