የፊልም ነጋሪው ጃኬት

ከምርጫው በኋላ በነበረው አፈሳ ከታክሲ አውርደው ነው የወሰዱኝ። የእስር ቤቱ በር ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ ላብ፣ እርጥብ ብርድ ልብስና የሽንት ባልዲ። የክፍሉ አለቃ፣ ካቦ የምንለው፣ ከላይ እስከ ታች አየኝና "አዲስ ሰው ባልዲው ጋ ነው የሚተኛው" አለኝ። ደንቡ ይኸው ነው። መስኮቱ ሥር የሚተኛው ወይ በዕድሜ የገፋ፣ ወይ ለክፍሉ የሚጠቅም ሰው ነው።

ከሚጠቅሙት አንዱ ፊልም ነጋሪው ነበር። ውጪ እያለ ቪዲዮ ቤት ይሠራ ነበር አሉ። ከምሳ በኋላ ፊልም ይነግረናል፤ ተኩሱም፣ የመኪናው ፍሬንም፣ የሴትዮዋ ልቅሶም አይቀረውም። በዚያ ሙቀት የቆዳ ጃኬቱን አያወልቅም። ለትከሻው ይሰፋዋል፤ አንዱ እጅጌው በወፍራም ክር ተሰፍቷል። "አክተሩ፣ መቼ ነው የምታወልቀው?" እያልን እንቀልድበት ነበር።

ሰዉ አብልጦ የሚወደው አስቂኞቹን ነው። እነዚያ ፊልሞች ውስጥ አንድ ሴታ ሴት ወንድ አይጠፋም፤ ወገቡን እየሰበቀ ይገባል፣ ይሳቅበታል፣ ይወጣል። ነጋሪው ግን እሱንም እንደ ማንኛውም ሰው ነው የሚያስኬደው፤ ድምፁን እንኳ አያቀጥንበትም። "ይሄኛውን አልቻልክበትም" ይሉታል። እኔም ወንድ የምወድ ሰው ነኝ፤ ያኔ ግን ለማንም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም።

አንድ ቀን የሁለት ሾፌሮች ፊልም ጀመረ። በአንድ ከባድ መኪና እየተፈራረቁ አገር የሚያቋርጡ ጓደኛሞች ናቸው። አንደኛው ገደል ገብቶ ይሞታል። ሌላው የሟቹን ጃኬት ይለብሳል፤ ሚስትም ሳያገባ ይኖራል።

"ለምንድነው ያላገባው?" አለ ካቦው።

"ይወደው ስለነበር።"

ካቦው ክፉ ሰው አልነበረም፤ መውጫ ሰጠው። "እንደ ወንድም ማለትህ ነው።"

አዎ ቢል ያልቅ ነበር።

"እንደ ወንድም አይደለም" አለ።

ፍራሹን አንስተው ባልዲው ጋ ጣሉለት። በማግስቱ ምሳ ሲገባ ማንም ወደ ማዕድ አልጠራውም። እዚያ ቤት ዛሬ ብቻውን የበላ ሰው ነገ ይደበደባል፤ ሁላችንም እናውቃለን።

መስኮቱ ሥር የሚተኙ፣ ጠዋት ማታ ዳዊት የሚደግሙ ሽማግሌ ነበሩ። ሳህናቸውን ይዘው ተነሡ። ያንን ሁሉ እግር እየተሻገሩ ሄደው አጠገቡ ተቀመጡና አጎረሱት።

"አባቴ፣ ይተዉ። በእኔ ምክንያት ከሰው እንዳይጣሉ።"

"አንድ ጉርሻ ነው የሚያጣላ" አሉና ሁለተኛውን ደገሙት። ከዚያ የተሰፋውን እጅጌ በጣታቸው ነካ አደረጉት። "ልጄ፣ ፊልሙን ሳትጨርሰው ቀረህ። ጃኬቱስ?"

"አለ፣ አባቴ። እጅጌው ተቀዶ ነበር፤ ሰፋው። እስካሁን ይለብሰዋል።"

"ይልበሰው። ማን ይከለክለዋል?"

እኔም ሳህኔን ይዤ ተነሣሁ። ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ካቦው ሦስታችንንም አየን። ሰንበት ብሎ "ኧረ ፊልም ንገረን" ያለውም ራሱ ነው። ማንም እጁን አላነሣበትም።

ዛሬ በስደት አገር፣ አርችዌይ በሚባል ሰፈር ከምወደው ሰው ጋር እኖራለሁ። ይህንን ዓረፍተ ነገር ሳልፈራ መጻፌ እስካሁን ይገርመኛል። ባለፈው እሑድ ሶፋ ላይ ሆነን ቻናል ስንቀያይር ያ የሾፌሮቹ ፊልም መጣ። እስከ መጨረሻው አየሁት። አንዱ ይሞታል፤ ሌላው የሟቹን እህት ያገባል፤ ያልቃል።

"ምን ያስለቅስሃል? ሰርግ እኮ ነው" አለኝ።

"ጃኬት የለውም" አልኩት።

ጃኬት የሚባል ነገር ፊልሙ ውስጥ ጨርሶ የለም። ነጋሪው ከላዩ ላይ ነው ያነበበልን፤ ሽማግሌውም ገብቷቸው ነበር። ሁለቱም የት እንዳሉ አላውቅም። ባሉበት እግዜር ይስጥልኝ።