ለሀርሜ ያልተነሣሁበት ቀን

ክፍሉ ድርቆሽ ድርቆሽ ይሸት ነበር። ሰው የማይታሰርበት በነበረ ጊዜ የጣቢያው ፈረሶች መኖ ይከመርበት ነበር አሉ። መስኮት የለውም። ብርሃን የሚገባው በቆርቆሮው ቀዳዳዎች ነው፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ በነዚያው ቀዳዳዎች የሱሉልታ ውርጭ ይገባል። ወታደሩ በሩን ከኋላዬ ሲዘጋው መጀመሪያ ያሰብኩት ነገር አሁን ያስቀኛል፦ ጫማዬን ላውልቅ ወይስ አላውልቅ? ጥግ ላይ አንዲት ሴትዮ ተቀምጣ ስለነበር ቤቷ የገባሁ መስሎኝ ነው።

በኦሮምኛ ሰላም አልኳት። ካነጋገሬ የሌላ አገር ሰው መሆኔን አውቃ ፈገግ አለችና መሬቱን በእጇ መታ መታ አደረገችልኝ።

«ታኢ» አለችኝ፤ ተቀመጪ ማለቷ ነው።

እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ። እንጦጦን ተሻግሬ የሄድኩት ወንጌል ላስተምር ነው። በምንሰበሰብበት ቤት ከባሕር ማዶ የመጣች አንዲት ወጣት ሚሲዮናዊት ነበረች፤ አማርኛን ከጉልት ሽንኩርት ሻጮች ጋር እየተከራከረች የለመደች። እሷን እያየሁ፣ ሰው ባሕር ተሻግሮ የኛን ቋንቋ ከተማረ እኔ አንድ ተራራ ተሻግሬ የጎረቤቶቻችንን ብማር ምን አለበት አልኩ። ያን ዓመት ትምህርቴን አቋርጬ ሄድኩ። አባቴ፣ «እንጦጦ ማዶ ያለው ሰው እግዜርን አያውቅም ያለሽ ማነው? ምን ልታስተምሪው ነው?» ብሎኝ ነበር። ግን ሄድኩ።

ያረፍኩት አንዲት ወተት ሻጭ ባልቴት ቤት ነው። ሀርሜ እላቸው ነበር፤ እናቴ ማለት ነው። ቋንቋውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እኔ በወንጌል እንጀምራለን ብዬ ነበር፤ እሳቸው በላም ጀመሩ። ጥጃ፣ ጡት፣ ሣር፣ እበት። በኦሮምኛ «ኃጢአት» ማለትን ከማወቄ በፊት «እበት» ማለትን አወቅሁ። ሀርሜ ወተት ሸጠው ከከተማ ሲመለሱ ብድግ ብዬ የወተቱን ቅል ከጀርባቸው ማውረድ የኔ ሥራ ነበር። በደጁ ጥላቸው ሲያልፍ እግሬ ቀድሞኝ ይነሣል።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እሳቸው ቤት ስንዘምር ውለን፣ ከከተማ የመጡትን ሁለት ወንድሞች ልሸኝ ስወጣ መንገድ ላይ ወታደሮች ያዙን። ያለ ፈቃድ ሰው ሰብስባችኋል ተባልን። ወንዶቹን ወደ አዲስ አበባ ወሰዷቸው፤ እኔን እዚያው ሱሉልታ ጣቢያ አስቀሩኝ።

የጣቢያው ሃምሳ አለቃ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የቤቱን ባለቤት።

«እናንተ ጴንጤዎች አትዋሹም አሉ። የማን ቤት ነው?»

«አልናገርም።»

«አላውቅም ነው የምትዪኝ?»

«አውቃለሁ። አልናገርም።»

ቁጡ ሰው አልነበረም። ጢሙን አሻሸና፣ «ጥሩ። እዚህ ጣቢያ እስረኛ አይቀለብም። ስንቅሽን ይዞ የሚመጣ ሰው፣ እሱ ነው ባለቤቱ። እኔ እዚህ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ» አለኝ።

የሀርሜ ጎጆ ያረፈችበት መሬት የባለርስት ነው። ባለርስቱ፣ ጴንጤ ያስጠጋ ጭሰኛ መሬቴን ይለቃል ብሎ አስቀድሞ ተናግሯል። ስለዚህ ሌላው እስረኛ ሰው እንዲመጣለት ሲጸልይ እኔ እንዳይመጣብኝ እጸልይ ነበር።

ከረሃብ ያዳነችኝ የጥጓ ሴትዮ ናት። የታሰረችው የባለርስቱን ድርሻ ሳታስረክብ ድርቆሹን ለላሟ አበላች ተብላ ነው፤ ድርቆሽ በሚሸት ክፍል መታሰሯ ያናድዳታል። «በኔ ፈንታ ላሜን ቢያስሯት ደስ ይላት ነበር» ትላለች። ቆሎዋን ታካፍለኛለች፣ ኦሮምኛዬን ታርመኛለች። አስተማሪ ሆኜ መጥቼ በሄድኩበት ሁሉ ተማሪ ሆንኩ።

ምሳ ሰዓት ላይ አውጥተው ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ያስቀምጡናል። ስንቅ ያመጣ ሰው በሩ ላይ ከምግቡ ቀምሶ ይገባል። ሃምሳ አለቃው በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሰው በገባ ቁጥር ይጠይቀኛል።

«ይቺን ታውቂያታለሽ?»

«አልናገርም።»

«እኚህን ሽማግሌስ?»

«አልናገርም።»

አንድ ቀን የጣቢያው ውሻ በበሩ ሲገባ በር ጠባቂው ወታደር፣ «ይኼንንስ?» አለኝ። «አልናገርም» አልኩ። ግቢው በሳቅ ሞላ፤ የሃምሳ አለቃው ጥርስ እንኳን ብልጭ አለ። ያን ቀን ኮራሁ። አፌን ከዘጋሁ ሁሉንም የዘጋሁ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ሀርሜ መጡ።

ቅሉን አዝለዋል፣ አገልግል አንጠልጥለዋል። በሩን ጎንበስ ብለው ሲያልፉ ጉልበቴ በራሱ ሊነሣ ሲል ያዝኩት። ተቀመጥኩ። መሬት መሬቱን እያየሁ አንድ ሣር ነቅዬ ጣቴ ላይ ጠመጠምኩ።

ወታደሩ የአገሩ ልጅ ነው። በኦሮምኛ፣ «ለማን ነው፣ እማማ?» አላቸው።

«ለታሰረ ሰው።»

«ለየትኛው?»

«ሆድ ስም አለው እንዴ?»

ወታደሩ ለሃምሳ አለቃው ወደ አማርኛ ሲመልስለት ሳቁን ማፈን አቃተው። ሀርሜ አገልግሉን ከፍተው ከጭኮው ቆንጠር አድርገው ቀመሱ። ሃምሳ አለቃው ግን እሳቸውን አላየም፤ እኔን ነበር የሚያየው።

«እኚህን እናት ታውቂያቸዋለሽ?»

«አልናገርም።»

«መናገሩን ተዪው። እዚህ ከመጣሽ ጀምሮ አሮጊት በገባ ቁጥር ብድግ ትያለሽ። ጨዋ ያሳደጋት ልጅ ናት ብዬ ለሚስቴም ነግሬያታለሁ። ለእኚህ ብቻ ምነው ተቀመጥሽ?»

ለሌሎቹ ስነሣ እንደነበር እኔ ራሴ አላወቅሁም። ሲነግረኝ ነው የሰማሁት።

ሴትዮዋ ከጎኔ ተስፈንጥራ ተነሣች። «አክስት ነው! የኔ አክስት!» አለች በተሰባበረ አማርኛ።

«ያንቺ አክስት ትናንት መጥታ ነበር።»

«ሁለት አክስት አለ!»

ማንም አልሳቀም። ሀርሜ አገልግሉን መሬት አስቀመጡ። ወተት በሚሸጡባት አማርኛቸው፣ ቀስ ብለው፣ እንዲህ አሉ፦

«ቤቱ የኔ ነው። ሲዘምሩም ቀስ በሉ፣ ላሟ ትደነግጣለች ያልኳቸው እኔ ነኝ። በቃ፤ ልጅቷን ተዋት።»

ያኔ ተነሣሁ። ማንም ተነሺ አላለኝም፣ ማንም ቁጭ በይ አላለኝም። ግቢውን አቋርጬ ሄጄ ትከሻቸውን ሳምኩ፤ ከዚያ የቅሉን ማሰሪያ ፈትቼ ከጀርባቸው አወረድኩት። ሙሉ ነበር፣ ከባድ።

«ዘገየሽ» አሉኝ በኦሮምኛ።

ሃምሳ አለቃው ጭኮውን እስክንበላ አላስቸኮለንም። ወተቱን ለእስረኛው ሁሉ አዳረስነው። ከዚያ ሀርሜን ከኛ ጋር ቆለፉባቸው፤ ገብተው ትንሽ አሸተቱና፣ «ጥሩ ድርቆሽ ነበር» አሉ። በማግስቱ ጠዋት ወታደሩ ከውጭ ሲናገር ሰማነው፦ «ጌታዬ፣ ጠዋት ጠዋት የጣቢያውን የሻይ ወተት የሚያመጡት እኚሁ ናቸው። ዛሬ ሻዩ በምን ይጠጣ?» ፀሐይ ሞቅ ሳትል በዋስ ለቀቋቸው።

ባለርስቱ ግን የጣቢያውን ሻይ አይጠጣም። እስከ ፋሲካ ድረስ እንዲለቁ ነገራቸው፤ ለቀቁ። ላማቸውን እየነዱ ቡራዩ፣ ገፈርሳ አጠገብ፣ ወንድማቸው ዘንድ ገቡ። እኔንም አባቴ መጥቶ አስፈታኝ። እንጦጦ አናት ላይ ስንደርስ፣ «ለመሆኑ ኦሮምኛው እንዴት ነው?» አለኝ።

ዘንድሮ ትምህርቴን ቀጥያለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቡራዩ እሄዳለሁ። ሰው ሳስተምር በምን እንደምጀምር አሁን አውቃለሁ፤ መጀመሪያ ላማቸው እንዴት እንደሆነች እጠይቃለሁ። ሀርሜ ስለ ጎጆዋ አንድም ቀን አንሥተውብኝ አያውቁም። የሚያነሡት ሌላ ነው። በሩ ላይ ስደርስ አይተውኝ እንዳላዩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። ወንድማቸው ተራውን ያውቃል፦

«ይቺን ልጅ ታውቂያታለሽ?»

ሀርሜ ጥርሳቸውን ሳያሳዩ፣ በአማርኛ፣ «አልናገርም» ይላሉ።

እኔ እንደቆምኩ እጠብቃለሁ። የፈለጉትን ያህል ያቆሙኛል። ከዚያ ወደኔ ዞር ብለው ከጎናቸው መሬቱን በእጃቸው መታ መታ ያደርጋሉ።

«ታኢ» ይሉኛል።