ጋሽ ታፈሰ ያልበሉት አናናስ

አልአዛር ጀርመንኛ ሲጀምር ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር። ቴፒ አጠገብ ባለ የእሸት ቡና መፈልፈያ የማሽን መካኒክ ነው። ጀርመን አገር ሄዶ ለመሠልጠን ቋንቋ ማወቅ ግድ ነው ሲሉት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በማለዳ ሚኒባስ እየተሳፈረ ሚዛን ከተማ ይሄድ ጀመር። እዚያ ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ጀርባ ባለች ክፍል መምህርት ፀደንያ ታስተምራለች።

ሚኒባሱ ከቴፒ ሳይወጣ በአንድ ሰማያዊ በር ፊት ያልፋል። የጋሽ ታፈሰ ቤት ነው። አልአዛር እዚያ ጋ ሲደርስ ደብተሩን ገልጦ ያቀረቅራል።

ጋሽ ታፈሰ ሙያውን የሰጡት ሰው ናቸው። አሥረኛ ክፍል ወድቆ ሲንከራተት ወደ ማሽኑ ያስጠጉት፣ እጁን ብረቱ ላይ አስደግፈው "ዝም ብለህ ስማው፤ የት እንዳመመው ራሱ ይነግርሃል" ያሉት እሳቸው ናቸው። አሁን ስኳር በሽታ እግራቸውን አቁስሎባቸው ከቤት ከዋሉ ሁለት ወር ሊሞላቸው ነው። አልአዛር አንድ ቀን እንኳ አልጠየቃቸውም። በመጀመሪያው ሳምንት ቡናው ደርሶ ሥራ በዛበት። በሁለተኛው ደከመኝ አለ። ከዚያ በኋላ ያለውን እኔም ምክንያት አልለውም፤ ሰው ሲዘገይ ያፍራል፣ ሲያፍር ደግሞ ብሶበት ይዘገያል። ጋሽ ታፈሰ ማሽኑን የሚያወርሱት ለእሱ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ እሱ ደግሞ "ልሄድ ነው" ሊላቸው ነው። ይህን በምን አፉ ይናገር?

አንድ ቅዳሜ መምህርት ፀደንያ ሰሌዳው ላይ አንድ ቃል ጻፈች፤ "ቤዙኽ"። ሰው ቤት ሄዶ ሰውን መጠየቅ ማለት ነው አለች። "ደር ቤዙኽ" እየተባለ እንደ ወንድ ይጠራል። ሄዶ የጠየቀ ሰው "ትሱ ቤዙኽ ነበርኩ" ይላል፤ እንግዳ የመጣበትም "ቤዙኽ አለኝ" ይላል። ከዚያ እያንዳንዱ ተማሪ በቅርቡ ማንን እንደጠየቀ እየተነሳ እንዲናገር አዘዘች።

አልአዛር ተራው ሲደርስ ዓይኑን በጨው አጥቦ ተነሳ። ባለፈው እሑድ መምህሬ ጋሽ ታፈሰ ዘንድ ነበርኩ አለ። አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ አጫወትኳቸው አለ። "ምን ይዘህ ሄድክ?" ስትለው ግን ተደናገረ፤ የብርቱካን ጀርመንኛው ጠፋበት። አናናስ በጀርመንኛም አናናስ ነው። "ሁለት አናናስ" አለና ተጨበጨበለት።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የአልአዛር ግን እያደረች ከበደች። በሳምንቱ የክፍሉ ተማሪና የጋሽ ታፈሰ ጎረቤት የሆነችው ማርዋ በእረፍት ሰዓት ጠራችው።

"ጋሽ ታፈሰን እኮ ነገርኳቸው፤ ክፍል ውስጥ ስለሳቸው ያወራኸውን።"

"ምን አሉ?"

"አዎ መጥቷል፣ አናናሱም ማር ነበር አሉ። ባለቤታቸው እትዬ ወለላ ይህን ሲሰሙ ያደረጉትን ብታይ! 'እኔ ቸርች ስሄድ ጠብቀህ፣ ስኳር እያለብህ አናናስ ትበላለህ?' ብለው ሰፈሩን ቀወጡት። እሳቸው እንደ ልጅ አንገታቸውን ደፍተው ተሰደቡ።"

የዚያን ዕለት ምን እንደተማረ አትጠይቁት። ከሚኒባሱ ሲወርድ እንቁላል ገዝቶ በቀጥታ ወደ ሰማያዊው በር ሄደ። የከፈቱለት እትዬ ወለላ ናቸው።

"ደግሞ መጣህ? ፌስታሉን ክፈተው እስቲ!"

"እኔ እኮ መጥቼ አላውቅም" ሊል አፉ ላይ ደርሶ ዋጠው። ቢናገር ሽማግሌውን በሚስታቸው ፊት ሊያዋርድ ነው። "ይቅርታ፣ እትዬ፤ ሁለተኛ አይለምደኝም" አለ። እንቁላሉን ተቀብለው ወደ ጓዳ ገቡ።

ጋሽ ታፈሰ እግራቸው በፋሻ ተጠቅልሎ መንገዱን በሚያሳየው መስኮት አጠገብ ተቀምጠዋል። አልአዛር ጉልበታቸው ስር ተንበረከከ።

"ጋሼ፣ በድዬዎታለሁ።"

"ቀስ ብለህ ተናገር፤ ትሰማለች" አሉት። "ሰባት ቅዳሜ በዚህ ስታልፍ አይቼሃለሁ። ስታቀረቅርም አይቻለሁ። ማርዋ ስትነግረኝ፣ መምጣት ቢያምረው ነው እንጂ ስሜን ምን አስጠራው አልኩ።"

አልአዛር አለቀሰ። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

"ተነስ ይልቅ፤ ያቺን ጀርመንኛ እኔም ልስማት።"

"ኢኽ ቫር..." ብሎ ቆመ። ክፍል ውስጥ እንደ ውሃ የወረደችው ንግግር እዚህ አልወርድ አለች። "ኢኽ ቫር ባይ ጋሽ ታፈሰ ትሱ ቤዙኽ" አለ በግድ፤ ጋሽ ታፈሰን ልጠይቅ ሄጄ ነበር ማለት ነው።

ጋሽ ታፈሰ ራሳቸውን ነቀነቁ። "መሄድህንም ማርዋ ነግራኛለች፤ መቼ ነው የምትሄደው?"

"ፈተናውን ካለፍኩ ከፋሲካ በኋላ ነው።"

"እስከዚያ ስንት ቅዳሜ አለ?"

አልአዛር በጣቱ መቁጠር ጀመረ። ያለፉት ሰባቱ ትዝ ሲሉት ተወው። "ሁሉንም እመጣለሁ፣ ጋሼ" አለ።

"ይችን ደግሞ" አሉ ጋሽ ታፈሰ፣ "በጀርመንኛ እንዳትላት።"